በአዳማ የሚሸጠው የአንድ ቀን የትራውማ (የከባድ ድንጋጤ ጉዳት) ሥልጠና፦ ብር ከመላካችሁ በፊት አንብቡት

አዳማና አካባቢዋ የምትሠሩ የሳይካትሪ ነርሶች፣ ሳይኮሎጂስቶች፣ ሶሻል ወርከሮች፣ በመጠለያ ያላችሁ አማካሪዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በቴሌግራም የሚዘዋወር ማስታወቂያ አለ። «ለተጋላጭ ወገኖች የሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ የአንድ ቀን ሥልጠና፣ 30 የሲፒዲ ነጥብ፣ ሰርተፍኬት በዕለቱ» ይላል። ሲፒዲ የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ የሚወስደው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ነው። ክፍያው በቴሌብር ነው፤ የሚገባውም በግለሰብ ስም ነው። እባካችሁ አትክፈሉ።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገብቼ አይቼዋለሁ። ለአንድ ሰው 4,000 ብር ነው። በነርስ ደመወዝ ይሄ የቤት ኪራይን የሚነካ ገንዘብ ነው። መሥሪያ ቤት አይከፍልልንም፤ የሙያ ፈቃድ ማደሻው ደግሞ ይደርሳል። ማስታወቂያውም የሚለቀቀው ሰው በነጥብ በሚጨነቅበት ሰሞን ነው።

አዳራሹ ጥሩ ነበር። ባነር ተሰቅሏል፣ ሻይና ቆሎ አለ፣ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ ታድሏል። አዳማ ግን የሥልጠና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ሳይቀር መሥሪያ ቤቶች ስብሰባቸውን ይዘው የሚመጡት እዚህ ነው። እዚህ ከተማ አዳራሽ መከራየት ቀላል ስለሆነ በአዳራሽ ማንንም አትመኑ።

እኔን ያስቆጣኝ የተማርነው ነገር ነው። ከሻይ በኋላ አሰልጣኙ ሁለት ሰልጣኞችን ወደ ፊት ጠርቶ ሮል ፕሌይ አሠራቸው። አንዷ ከቀዬዋ የተፈናቀለች እናት ሆነች፣ ሌላዋ አማካሪ። «የደረሰባትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስወሯት፤ ዝም ካለች ጠይቁ፤ እስክታለቅስ አትልቀቋት፣ ሲወጣላት ይቀላታል» አለ። እናት የሆነችው ልጅ መሬት መሬት እያየች የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። ትወና መሆኑን እያወቅን አዳራሹ ጭጭ አለ። አሰልጣኙ «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፈ።

ይሄ ስህተት ነው፤ ሰውንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ነው የሚለው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው ደህና ቦታ መሆኑን ታያለህ፣ መናገር ከፈለገ ታዳምጣለህ፣ ከቤተሰቡና ከሚያስፈልገው አገልግሎት ጋር ታገናኛለህ። ታሪኩን እንዲናገር መጫን የለም። አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው ቁጭ አድርጎ ሁሉን ማስዘርዘርንም ድርጅቱ አይመክርም። ከሰዓት ደግሞ «እንቅልፍ ላጣ ዳያዜፓም ቶሎ አስጀምሩ» ተባልን። ዳያዜፓም የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት ነው። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የጭንቀቱን ምልክቶች ለማስታገስ ተብሎ ለአዋቂዎች የዚህ ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቷል። ይህን ሰምቶ ወደ መጠለያ የሚመለስ ወጣት ባለሙያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት። ከአረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች ልጅ፣ መናኸሪያ አካባቢ የሚያድር ሕፃን፣ ጥቃት የደረሰባት ሴት እነዚህ ሰዎች እጅ ላይ ነው የሚወድቁት። ባለሙያው ቢሳሳትባቸው እንኳ ተሳስተሃል ብለው የሚከራከሩበት አቅም የላቸውም።

ሰርተፍኬቱ ወርቃማ ማኅተም አለው። «የኮርሱ የዕውቅና ቁጥር» ከሚለው ቀጥሎ ግን ነጠብጣብ ብቻ ነው። አንድ ባልደረባችን ፈቃዱን ሊያሳድስ ይዞት ሄዶ ተመለሰበት። ለአዘጋጆቹ ደወልን፤ «ሲስተም ነው» አሉ። ደግመን ደወልን፤ «በሂደት ላይ ነው» ሆነ መልሱ። ከዚያ ስልኩ መነሳት ተወ። ደረሰኝ ስንጠይቅም የቴሌብር መልእክቱ ይበቃል ነው ያሉት።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አገራችን ውስጥ የጤና ባለሙያ በዓመት 30 የሲፒዲ ነጥብ እንዲያሟላ ይጠበቃል። ነጥቡ የሚታሰበው ከሥልጠናው ሰዓትና ዓይነት ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ የዓመቱን ነጥብ በአንድ ቀን እሰጣለሁ የሚል ሰው እዚያው ላይ ተጋልጧል። አሰልጣኙ ድርጅት ዕውቅና ይኑረው፤ ኮርሱም ለብቻው ዕውቅና ያግኝ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። «ድርጅታችን ሕጋዊ ነው» ብለው የንግድ ፈቃድ ቢያሳዩአችሁ የኮርሱን ቁጥር ጠይቁ። ቁጥሩን ይዛችሁ የጤና ቢሮውን የሙያ ፈቃድ ክፍል ወይም ዕውቅናውን ሰጠ የተባለውን ተቋም አነጋግሩ፤ አዘጋጁ የሰጣችሁን ስልክ ግን ለማጣሪያ አትጠቀሙ። አሰልጣኙ ማን እንደሆነና የት እንደሠራ በስም ካልነገሯችሁ ተዉት። ክፍያው በድርጅቱ ሒሳብ ይግባ፤ ደረሰኙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይኑረው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አሁን አሁን «ፒኤም ፕላስ በአንድ ቀን» የሚልም ብቅ ብሏል። ፒኤም ፕላስ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው አጭር የድጋፍ ዘዴ ነው። ተገልጋዩ በ5 ክፍለ ጊዜ ትንፋሽን ማረጋጋት፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታት፣ ወደ እንቅስቃሴ መመለስና የሰው ድጋፍ ማጠናከር ይማራል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ረጂውን ለማሠልጠን ግን ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያም ልምድ ያለው ሰው እየተከታተለው እውነተኛ ኬዝ ይዞ መለማመድ አለበት። ክትትሉ ከተቆረጠ ዘዴው ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። ሥልጠና ስትመርጡ «ከሥልጠናው በኋላ ኬዝ ሲከብደኝ ማንን እጠይቃለሁ?» በሉ። የእኛዎቹ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም።

መማር ለምትፈልጉ መንገድ አለ። እነዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ጤና ሚኒስቴርም የኢንተርኔት መማሪያ አለው። ዩኒቨርሲቲዎችና የሙያ ማኅበራት የሚሰጡት ሥልጠና ሲኖር ተመዝገቡ፤ ለእያንዳንዱ ኮርስ ነጥብ ይያዝ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባለሙያ የምትልኩ የድርጅት ኃላፊዎችም ሰርተፍኬት ብቻ አትሰብስቡ፤ የሥልጠናውን ይዘት አስቀድማችሁ ለአንድ የሳይካትሪ ባለሙያ አሳዩ።

የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉት። ማስታወቂያውን ስክሪንሹት አድርጉ፣ ሰርተፍኬቱንም አስቀምጡ። እኛ አቤቱታችንን አዘጋጅተን ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ወደ ጤና ቢሮው ልናስገባ ነው፤ ስማችሁ አብሮ እንዲገባ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።