ድምፅ ሲቆም ለሚጨናነቀው ፕለጊናችን መፍትሔ ላገኙልን ባለሙያ ምስጋና

የምናዘጋጀው የሪቨርብ ፕለጊን (በሙዚቃ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ለድምፅ ማስተጋባት የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም) ሙዚቃ ሲያልፍበት ፕሮሰሰሩን እምብዛም አያስቸግርም ነበር፤ ሙዚቃው ቆሞ ጥቂት ከቆየ በኋላ ግን፣ ሥራ የለበትም በሚባልበት ሰዓት፣ የሲፒዩ መለኪያው ሽቅብ ይወጣና በዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ያሉት የሌሎች ትራኮች ድምፅ መቆራረጥ ይጀምራል። «ባፈሩን (ድምፅ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ማቆያ) አሳድጉት» የሚለው የተለመደ ምክርም አልፈየደልንም። ችግሩን ከሥሩ የነቀሉልን በግላቸው የሚሠሩ አንድ የድምፅ ሶፍትዌር ባለሙያ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብላቸው እወዳለሁ።

ኮዱን ከመክፈታቸው በፊት የጠየቁን ጭነቱ የሚመጣው ድምፁ በቆመ በስንት ሰከንድ እንደሆነ ነበር። የሪቨርቡ ጭራ (ድምፁ ከቆመ በኋላ የሚቀረው ማስተጋባት) በ2 ሰከንድ 60 ዴሲቤል እንዲወርድ ሲስተካከል ጭነቱ ከ25 ሰከንድ ገደማ በኋላ መጣ፤ 2ቱ ሰከንድ ወደ 4 ሲቀየር ደግሞ ወደ 50 ተራዘመ፤ ለእሳቸው ይኸው በቂ ማስረጃ ሆነ። ጭራው በፊድባክ (ውጤቱ ተመልሶ ወደ መግቢያው በሚገባበት ዑደት) እየዞረ ያንሳል እንጂ ቶሎ ዜሮ አይገባም፤ 759 ዴሲቤል ገደማ ከወረደ በኋላ ባለ32 ቢት ፍሎት (ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥር የሚይዝበት ቅርጽ) በመደበኛ መልኩ ከሚይዘው ትንሹ ቁጥር፣ ማለትም ከነጥቡ በኋላ 37 ዜሮዎች ከሚደረደሩበት፣ በታች ይሆናል። ከዚያ በታች ያሉት ዲኖርማል የሚባሉት ቁጥሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው፣ አይ ትሪፕል ኢ 754 የተባለው የኮምፒውተር አስርዮሽ ስሌት ደረጃ ውጤቱ በአንድ ጊዜ ዜሮ ከሚሆን ቀስ በቀስ እንዲጠፋ ሲል ያካተታቸው ሲሆን፣ ብዙ ፕሮሰሰሮች ግን ለአንዷ ስሌት ከመቶ በላይ ሳይክል (የፕሮሰሰሩ የሰዓት ምት) ሊያጠፉባቸው ይችላሉ። የ24 ቢት ድምፅ ወለል (ሊመዘገብ የሚችለው ትንሹ ድምፅ) ከከፍተኛው በታች ከ144 ዴሲቤል ብዙም እንደማይርቅ ላሰበ ሰው፣ ማንም ለማይሰማው ነገር ይህን ያህል መልፋት ያስገርማል።

መፍትሔያቸው አጭር ነበር። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ኤምኤክስሲኤስአር በሚባለው ሬጅስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ቅንብር በሚያዝበት ቦታ)፣ በአርም ደግሞ በኤፍፒሲአር፣ ዲኖርማሎችን ወደ ዜሮ የሚለውጠውን ቅንብር ድምፁ በሚሰላበት ፋንክሽን መግቢያ ላይ አበሩት፤ ፕለጊን በሰው ፕሮግራም ውስጥ እንግዳ ነውና ሲወጣ የነበረውን ቅንብር እንዲመልስም አደረጉ። ቅንብሩ ለየትሬዱ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄደው ለየሥራ መስመሩ) የተለያየ በመሆኑ በረዳት ትሬዶቻችንም ላይ ደግመውታል፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ዲኖርማል እንዳይፈጠር በፊድባኩ ላይ ጥቂት ቋሚ እሴት እንጨምር ስንላቸው፣ ከፊት ያለው የሃይ ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛ ድግግሞሾችን የሚቆርጠው) ቋሚውን እሴት ስለሚያስወግደው ከፊልተሩ ወዲያ ያለውን ክፍል እንደማይጠብቅ አሳዩን።

ሌላውን ኮድ ሳይነኩ መሄዳቸውን በተለይ አደንቃለሁ። የተዉልን ፈተና አንድ አጭር ምት ልኮ ለደቂቃዎች ዝምታ በመመገብ እያንዳንዱ ብሎክ (በአንድ ጊዜ የሚሰላ የድምፅ ቁራጭ) የወሰደውን ጊዜ ይለካል፤ አሁን ከየእትሙ በፊት እናስኬደዋለን። ለመልእክት መልስ ለመስጠት ትንሽ ይዘገያሉ፤ ሥራቸው ግን ያስጠብቃል። ፊልተር፣ ዲሌይ ወይም ሪቨርብ የምትሠሩና ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።