ኢንስፔክተር በጥቁሩ ስክሪን፦ ከስምንት ወር በኋላ

ነገሩ የተጀመረው በቀን መቁጠሪያ ነው። አካውንታንታችን የአገር ውስጡን ደረሰኝ በኢትዮጵያ፣ የውጭ ደንበኛውን ኢንቮይስ በፈረንጅ አቆጣጠር ትሠራለች። ቀን ስታመሳክር ስትውል አይቼ አሳዘነችኝና ቀን የምትቀይር ትንሽ ሰርቨር በፓይተን ጻፍኩላት። ከቢሮው የኤአይ ረዳት ጋር ያገናኘኋት በኤምሲፒ ነው። ኤምሲፒ አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ያወጣው፣ በኋላ ኦፕንኤአይን ጨምሮ ሌሎችም የተቀበሉት፣ የኤአይ ሞዴልን ከውጭ ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝ ደንብ ነው። ሰርቨሩ ያሉትን መሣሪያዎች (ሊሠራቸው የሚችላቸውን ሥራዎች) ይዘረዝራል፣ ሞዴሉ የሚያስፈልገውን መርጦ ይጠራል።

ሰርቨሯን የምፈትሽበት ኢንስፔክተር ይባላል። የኤምሲፒ ፕሮጀክት ራሱ የሚያወጣው ነጻ መሞከሪያ ነው። ሁለት መልክ አለው። አንዱ ብራውዘር ላይ በ6274 ፖርት ይከፈታል፣ ሌላው በኮማንድ ላይን፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን፣ ይሠራል። መጀመሪያ ብራውዘሩን ሞከርኩ፤ ፎርሙም በተኑም ያምራል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ግን ወደ ጥቁሩ ስክሪን ዞርኩ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ።

አሠራሩ አጭር ነው። ሰርቨሩ የሚነሳበትን ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ «ቱልስ/ሊስት» ትላላችሁ፣ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ይመጣል። «ቱልስ/ኮል» ብላችሁ የመሣሪያውን ስምና መረጃውን ስትሰጡ መልሱ ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ በጄሰን፣ ይወጣል። በቃ። መሀል ላይ ምንም ሞዴል የለም።

ይህ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው የገባኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ ነው። ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ረዳቱ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ኢንስፔክተርም ሰርቨሯም ግን ላፕቶፔ ላይ ናቸው፣ ባትሪም ነበረኝ። ሥራ ፈትቼ የጳጉሜን ቀናት አንድ በአንድ አስገባሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ስደርስ «ስህተት» የሚል መልስ መጣ፤ ከሥሩ «ኢዝኤረር፦ ትሩ»፣ ማለትም ጥሪው አልተሳካም። ለካ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብዬ ጽፌ ኖሯል! ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ 6 እንደምትሆን የማያውቅ አበሻ መቼም አይገኝም። እኔ ግን ኮድ ላይ ረስቼዋለሁ።

የገረመኝ ስህተቱ አይደለም። አካውንታንታችን ይህንኑ ቀን ከዚያ በፊት ረዳቱን ጠይቃው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብሎ መልሶላታል። ልክ ነው። ታዲያ ከየት አመጣው? መሣሪያው እምቢ ሲለው ከራሱ ቆጥሮ ሞላ፣ እምቢ መባሉንም አልነገራትም። የጳጉሜን 6 ቀን 2011ን ስትጠይቀው ደግሞ በአንድ ቀን ሳተ። ሁለቱም መልስ የተሰጣት በዚያው በማያወላዳ ድምፅ ነው። ሞዴሉ እንደ ጥሩ አማላጅ ነው፤ የመሣሪያውን ጥፋት ሸፋፍኖ ያቀርባል። ኮማንድ ላይኑ አያማልድም። ሰርቨራችሁ የተናገረውን እንዳለ ፊታችሁ ላይ ይጥለዋል።

ከዚያ ወዲህ ሌላም አወጣልኝ። ረዳቱ አማርኛ ሲመልስ ለምን ዶላር እንደሚበላ አልገባኝም ነበር። ሰርቨሯ «ሰላም» ብላ የምትልከውን ጥሬውን ሳየው ሦስት ፊደል 18 ምልክት ሆኗል። ፓይተን ካልነገሩት በቀር የእኛን ፊደል እያንዳንዱን በስድስት ምልክት ኮድ ይለውጠዋል፣ ሞዴሉም ያንን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ያነባል፤ ክፍያው ደግሞ በሚያነበው ልክ ነው። ይህን ልማድ የሚያዘውን «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን ፎልስ አደረግኩት፣ አለቀ። የዶላር ካርድ ለማግኘት የተሰለፈ ሰው ይህቺ አንዲት ቃል ምን እንደምታወጣ ያውቃል።

ግማሽ ቀን የበላኝ ደግሞ የራሴ ፕሪንት፣ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ነው። «ሰርቨሩ ተነሳ» የምትል መስመር ለራሴ ምልክት ብዬ አስገባሁ። ሰርቨሩ እዚያው ማሽን ላይ ሲሠራ ግን የሚነጋገረው በዚያው ፕሪንት በሚወጣበት ቱቦ ነው፤ ከጄሰን ውጪ ምንም ነገር እንዲገባበት አይፈቀድም። ማስታወሻችሁን በኤረር መውጫው በኩል ላኩ።

የማይመቸኝም አለ። ኢንስፔክተር በኮማንድ ላይን እያንዳንዱን ጥሪ ሰርቨሩን አንስቶ፣ ጠይቆ፣ መልሶ ዘግቶ ነው የሚጨርሰው። የኔ ሰርቨር ምንም ስለማትይዝ ግድ የላትም። ቀድሞ የገባን ሰው የሚያስታውስ ወይም መረጃ ሜሞሪ ላይ የሚያቆይ ሰርቨር ካላችሁ ግን ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን አያውቀውም፤ ወደ ብራውዘሩ መመለስ ነው። ኢንስፔክተር ራሱ የሚሠራው በኖድ፣ የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ፣ ስለሆነ ሰርቨራችሁ በፓይተን ቢጻፍም ኖድ 22 መጫን ግዴታ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ይህ ቀላል አይደለም። ውስጡ ሌላ ዝርዝር ያለበት መረጃ ስትሰጡት ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ትእምርተ ጥቅስ ሲደራረብ ዓይን ያፈዛል፣ ዊንዶውስ ላይማ አይነሳ። ፊደላችን ሰፊ ስለሆነ ተርሚናሌ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ይሄ የኢንስፔክተር ጥፋት አይደለም፤ ቢሆንም መልሱን ሁልጊዜ ወደ ፋይል ልኬ ነው የማነበው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቆየ ቨርዥን ላይ ያላችሁ ዛሬውኑ አድሱ። ከ0.14.1 በፊት በብራውዘሩና በሰርቨሩ መሀል የሚያቀባብለው ፕሮግራም፣ ፕሮክሲው፣ «ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ኢንስፔክተር ተከፍቶ እያለ አንድ ክፉ ድረ ገጽ ብትጎበኙ ማሽናችሁ ላይ ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችል ነበር። በሰኔ 2017 ተስተካክሎ አሁን ቶክን፣ የሚስጥር መግቢያ ኮድ፣ ይጠይቃል። በኮማንድ ላይን ስትሠሩ ያ ፕሮክሲ ከነአካቴው አይነሳም፤ ጥቁሩን ስክሪን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን አሥራ አራት ጥሪዎች በአንድ ስክሪፕት ደርድሬ ኮዱን በነካሁ ቁጥር አስሮጣቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ መስመር ጳጉሜን 6 ናት። አካውንታንታችን ስለዚህ ሁሉ የምታውቀው ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ብቻ «አንተ፣ ይሄ ነገር ሰዓቱንም ወደ ፈረንጅ ይቀይራል?» አለችኝ። ገና አልጻፍኩትም። ረዳቱን ጠይቃው እንደሆን ግን እርግጠኛ ነኝ፣ መልሶላታል።