የድሮ ጌም በየትኛው ስክሪን ይፈረድበት? በባለ ቱቦው ቲቪ ወይስ በጠፍጣፋው?

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን ሶኒክ የተባለ ጌም በጠፍጣፋ ስክሪን ብትከፍተው ፏፏቴው በቀጫጭን ቋሚ መስመሮች የተሸነተረ ይመስላል። «ግራፊክሱ ደካማ ነው» ለማለት አትቸኩል። በባለ ቱቦው ቲቪ፣ በቢጫው የኮምፖዚት ገመድ ሲታይ መስመሮቹ ይዋሃዱና ውሃው ከጀርባው ያለውን ነገር ያሳያል።

ቁጥጥሩ ላይ ልዩነቱ ይብሳል። በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ ምስል፣ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው፤ ዘመናዊው ቲቪ ምስሉን ሲያሰናዳ ሦስት አራት ፍሬም ከበላ፣ ዝላዩ ይዘገይና ገደል ትገባለህ። ጥፋቱ የጌሙ አይደለም! ጌም ሞድን (ቲቪው ምስሉን ለማሰናዳት የሚፈጀውን ጊዜ የሚቀንሰውን ቅንብር) አብራ፣ የምስሉን የስፋትና የቁመት ምጥጥን 4 ለ 3 አድርግ።

ኢሙሌተር (የድሮ ጌምን በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚያስኬድ ፕሮግራም) የሚበልጠው በሴቭ ስቴት ነው፣ ማለትም ጌሙን በፈለግክበት ቅጽበት አስቀምጠህ ከዚያው በመቀጠል፤ እሱን እየተጠቀሙ «ቀላል ነው» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ሕይወት ሲያልቅ ከመጀመሪያው መጀመር? እሱ በየትኛውም ስክሪን ያሰለቻል።