ባዶው ክዳን፦ 8 ወር ስለተጠቀምኩበት አይስ ቦክስ

የፋሲካ ሰሞን ከቤተሰቤ ጋር ሸዋ ሮቢት ወርደን፣ የአንድ ዘመዳችን ማሳ ዳር ድንኳን ተክለን ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ትንሿ ልጄ ጉንጯን አይስ ቦክሱ ክዳን ላይ ለጥፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ በላብ ርሷል። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ይቀዘቅዛል» አለችኝ። እኔም መዳፌን አሳረፍኩበት። እውነቷን ነው። ጎኖቹን ዳበስኩ፤ እንደ አየሩ ሞቀዋል። ክዳኑ ግን ቀዝቃዛ ነው።

ልጄ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ሆዴ ባባ። የአይስ ቦክስ ውጪው ከቀዘቀዘ፣ ሙቀቱ በዚያ በኩል እየገባ በረዶውን እየበላው ነው ማለት ነው። ክዳኑን በጣቴ አንኳኳሁት። እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ጎኑን ሳንኳኳው ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ጎኑ ፎም አለው፣ ክዳኑ ውስጥ ግን አየር ብቻ ነው ያለው።

ስከፍተው አስቀድሜ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ካደረግኳቸው አራት ባለ 2 ሊትር ሃይላንዶች የቀረው የበረዶ ስባሪ ነው። ማታ ላይ ሥጋው ሸተተ። ሁለት ኪሎ የበግ ሥጋ ጣልን። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ሳጥኑን የገዛሁት በጥር ነው፣ አዲስ አበባ። 45 ሊትር የሚይዝ፣ ከነበሩት ሁሉ ርካሹ። እውነቱን ለመናገር ሌላው ነገሩ ደህና ነው። እጀታው ጠንካራ ነው፣ የውሃ መውጫው ቡሽ አያንጠባጥብም፣ መኪናው ኋላ ልክክ ብሎ ይገባል። ጓሳ ሄደን ስናድርም ምንም አላስቸገረን። ግን ጓሳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ብርዱ ራሱ ዕቃ ያቆያል። አይስ ቦክስ የሚፈተነው ቆላ ሲወርድ ነው። እኛ የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣርማ በርን አልፈን፣ በደብረ ሲና አድርገን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 1,500 ሜትር ያህል ወርደናል። መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ጃኬት አውልቀን ጥላ ፍለጋ እንገባለን።

ሻጩን እስከ ዛሬ በሐሳቤ እከራከረዋለሁ። ስገዛ፣ ክዳኑ ቀለል አለብኝ ብዬው ነበር። «ወንድሜ፣ ብርድ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ክዳኑ ችግር የለውም» አለኝ። ግማሹ ልክ ነው። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። ከላይ የሚከፈት ሳጥን በበር ከሚከፈት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ግን ወንድሜ፣ ፀሐይ ከየት ነው የምትመታው? ከላይ አይደለም እንዴ? ሙቀቱ በክዳኑ ሲገባ የታችኛው ፎም ምን ሊያደርግለት ነው? ደግሞ «5 ቀን በረዶ ይይዛል» የሚለውን ጽሑፍ አሳየኸኝ። ሳይከፈት፣ አፉ ድረስ በበረዶ ተሞልቶ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ ንገረኛ! ልጆች ያሉት ሰው ሳጥኑን በየግማሽ ሰዓቱ እንደሚከፍት ታውቃለህ። «በዚህ ዋጋ ምን ትጠብቃለህ?» እንዳትለኝ ደግሞ። ክዳኑን የሚሞላው ፎም ከሳጥኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። ራሴ ገዝቼ ስለሞላሁት አውቀዋለሁ።

የኔም ጥፋት አለበት። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 12 ባለ ግማሽ ሊትር ለስላሳ ገዝቼ፣ ከነሙቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ነበር። በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው። 6 ሊትር ለስላሳ ከ30 ወደ 5 ዲግሪ ለማውረድ ደግሞ 2 ኪሎ የሚጠጋ በረዶ ይቀልጣል። ከያዝኩት 8 ኪሎ ሩቡ ገና የመጀመሪያው ቀን ለለስላሳ ሄደ ማለት ነው። አሁን ለስላሳውን ከቤት ነው የምይዘው። ማታ ግቢ ውስጥ አሳድረዋለሁ። የደብረ ብርሃን ሌሊት በነፃ ያቀዘቅዝልኛል። ሳጥኑንም ክዳኑን ከፍቼ አብሬ አሳድረዋለሁ፣ ምክንያቱም የሞቀ ሳጥን ራሱ በረዶ ይበላል።

ክዳኑን እንዲህ ሠራሁት። በውስጥ በኩል ስድስት ቦታ በሳሁት። የአሉሚኒየም መስኮት የሚገጥሙ ሰዎች ክፍተት የሚደፍኑበትን የሚነፋ ፎም ገዝቼ፣ በየቀዳዳው ጥቂት ጥቂት እያደረግኩ ሞላሁት። ጥቂት ጥቂት የምለው ያለ ነገር አይደለም፤ ፎሙ ከገባ በኋላ ማበጡን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ትንሽ አብዝቼበት ክዳኑ መሐሉ ላይ የጣት ውፍረት ያህል ተነፋ። ሲደርቅ የተረፈውን በምላጭ ቆርጬ ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ዘጋሁ። መቆለፊያው አሁን በደንብ አይያዝም። በሻንጣ ቀበቶ ነው የማስረው።

ግንቦት ላይ ያው ቦታ ተመለስን። ያው አራት ሃይላንድ፣ ያው ሙቀት። ሳጥኑን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ ለማታ የያዝነውን የመንዝ ባና አጥፌ ክዳኑ ላይ ደረብኩበት። ትልቁ ልጄ «በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ታለብሰዋለህ?» ብሎ ተከራከረኝ። ባና ብርድን ከሰው እንደሚከለክለው፣ ሙቀትንም ከበረዶ ይከለክላል አልኩት። አላመነኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስንከፍተው ሁለቱ ሃይላንዶች ውስጥ ገና ቡጢ የሚያክል በረዶ ነበር። አንዱን አንስቶ አንቀጨቀጨው። ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ሥጋውም ደህና ነበር፤ ቁርስ ላይ ጠብሰን በላነው።

አሁን ሳጥኑን ሽጠው ብትሉኝ አልሸጠውም። ለፍቼበታለሁ፣ ባሕርዩንም አውቄዋለሁ። ግን ለሌላ ሰው እንዲሁ ግዛው አልልም። ያን ሥጋ ስንጥል የተሰማኝ ንዴት ገና አልወጣልኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ሱቅ ቆሞ ደወለልኝ። ተመሳሳይ ሳጥን አይቷል፣ ቀለሙ ብቻ ይለያል። ፎቶ ልላክልህ አለኝ። ፎቶው ይቅር፣ ስልኩን ክዳኑ ላይ አስጠግተህ በጣትህ አንኳኳው አልኩት። አንኳኳው። ጀሪካን ነው።

«ተወው» አልኩት።