አራት ኪሎ ላይ የጌም ኮምፒውተር ኢንተርኔት ለምታሠሩ፦ ቴስተር (የኬብል መሞከሪያ) ያልያዘ ባለሙያ ቤት አታስገቡ

በሦስት ሳምንት የአዲስ አበባ ቆይታዬ ብዙ አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ። ፀጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ክትፎ ቤቱ፣ ሁሉም እግዜር ይስጣቸው። የምጽፈው እህቴ ቤት ያለውን የጌም ኮምፒውተር የኬብል ኢንተርኔት ሊጠግኑ ስለመጡት ሁለት ባለሙያዎች ነው። አንደኛው 11,500 ብር ወስዶ ችግሩን እዚያው ትቶት ሄደ። ሁለተኛው በ600 ብር፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጨረሰው።

ምልክቱ ይህ ነበር። ሳሎን ካለው ራውተር እስከ እህቴ ልጅ ክፍል 25 ሜትር ያህል ኬብል በጣሪያው ጠርዝ ዞሮ ተዘርግቷል። ስልኮቹ በዋይፋይ እንደ ልብ ይሠራሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን በየ10 እና በየ15 ደቂቃው ይቆረጥና ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። አምስት ሰከንድ ዩቲዩብ ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም፣ ጌም ላይ ያለውን ልጅ ግን ከሰርቨሩ አውጥቶ ይጥለዋል። ሲቆረጥ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ያለችው ትንሿ መብራትም አብራ ትጠፋለች። እሷ ከጠፋች ጥርጣሬው መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ኬብሉ፣ ወደ ኮኔክተሩ (ኬብሉ ጫፍ ላይ ወዳለው መሰኪያ) እና ወደ ኔትወርክ ካርዱ (ኬብሉ ወደሚሰካበት የኮምፒውተሩ ዕቃ) ነው።

የመጀመሪያው ባለሙያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይመጣል ተባለ። «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ሦስት ቀን አልፎ በአራተኛው ቀን 11 ሰዓት ላይ ደረሰ። ቶሮንቶም ቢሆን የኢንተርኔት ሠራተኛ ግማሽ ቀን በር ላይ ያስቆማል፣ ሀገሬን ብቻ አላማም። እዚያ ግን ሲቀር ይደውላል። የኛው ሰው ገብቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ኬብሉን በእጁ ሳይነካ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አለ። ተደረገ። 110 ጊጋባይት ጌም አብሮ ሄደ። በ10 ሜጋ ፓኬጅ ይህን መልሶ ለማውረድ ሳይቋረጥ እንኳ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ያስፈልጋል። ፎርማቱ አልቆ ኢንተርኔቱ አሁንም ሲቆረጥ «እንግዲያው ካርዱ ነው» ብሎ ከቦርሳው አዲስ ኔትወርክ ካርድ አወጣ። ሒሳቡ ፎርማት 1,500፣ ካርድ 7,000፣ ምርመራ 2,000፣ ትራንስፖርት 1,000። የቱን ምርመራ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ዋጋው የተቆረጠው ግን እዚያ ቤት ውስጥ አይመስለኝም፤ እህቴ በስልክ «ወንድሜ ከውጭ መጥቷል» ያለች ጊዜ ነው።

ካርዱ ሁለት ቀን ሠራ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደ ድሮው ሆነ። ሲደወልለት አያነሳም፤ በሌላ ስልክ ሲያነሳ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ማንም ሰው ገንዘብ ሳይከፍል በፊት ሊያደርገው የሚገባው ነገር ነበር። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ራውተሩ አጠገብ ማስቀመጥ፣ የአንድ ወይም የሁለት ሜትር አጭር ኬብል መሰካትና ግማሽ ሰዓት ማጫወት። ካልተቆረጠ ካርዱም ዊንዶውሱም ንጹህ ናቸው፤ ጥፋቱ ግድግዳው ላይ ባለው ኬብል ነው። እዚያም ከተቆረጠ ፎርማት ከማለት በፊት ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ከፍቶ፣ ፓወር ማኔጅመንት ከሚለው ገጽ «ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ አጥፋ» የምትለዋን ምልክት ማንሳት፣ ከዚያም ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከማዘርቦርዱ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) አምራች ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ነው። ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ከፍታችሁ ፒንግ 192.168.1.1 ብላችሁ ሳያቆም እንዲሞክር ሰረዝ ቲ ጨምሩበት (የራውተራችሁ አድራሻ ሌላ ከሆነ እሱን ጻፉ)። በኬብል መልሱ ከ1 እና ከ2 ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም። እዚህ ላይ ከተቆረጠ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው። እዚህ ደህና ሆኖ 8.8.8.8 (ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ) ላይ ብቻ ከተቆረጠ ከራውተሩ ወዲያ ነው። አይፒው (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ) በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ያለው ልጅ ነው፣ ዕድሜው ከ22 አይበልጥም። ሲገባ መጀመሪያ ያየው የሊንክ ስፒዱን፣ ማለትም ካርዱና ራውተሩ የተገናኙበትን ፍጥነት በሜጋቢት ነው። 100 ይላል። ራውተሩም ካርዱም 1000 የሚችሉ ናቸው። «ሽቦ ጎድሏል» አለ፣ ቴስተሩን ሁለቱ ጫፍ ላይ ሰካ። ከ1 እስከ 6 ተራ በተራ በሩ። 7 ኬብሉን ሲነካው ይበራል፣ ሲለቀው ይጠፋል። 8 ጨርሶ የለም።

ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። 100 ሜጋቢት የሚሄደው በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ሽቦዎች ብቻ ነው፤ 1000 ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ራውተሩና ካርዱ «በስንት እንሂድ?» ብለው የሚደራደሩት ደግሞ በነዚያው በአራቱ ነው። ስለዚህ ድርድሩ ላይ በ1000 ይስማማሉ፣ መንገዱ ላይ ሲወጡ ቡናማው ጥንድ (7 እና 8) የለም፣ ይወድቃሉ፣ እንደገና ይደራደራሉ። አንዳንድ ካርድ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ራሱን ወደ 100 ያወርዳል፤ የ7,000 ብሩ ካርድ ሁለት ቀን የሠራው በዚህ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ድርድሩ ከሀ ስለሚጀምር ችግሩም ተመለሰ። ስፒዱን በእጅ 100 ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ላይ ማሰር ለአንድ ሌሊት ያገለግል ይሆናል፤ ነገር ግን ራውተሩ አውቶ ላይ እንዳለ ከቀረ በሱ በኩል ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ይይዝና ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) መጣል ይጀምራል። ያኔ አይቆረጥም፣ ይንቀራፈፋል፤ ለጌም ሁለቱም ያው ነው።

ልጁ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጦ ጣለ። አሮጌው ኮኔክተር ሲታይ ቡናማዎቹ ሽቦዎች አጥረው የወርቃማዎቹ ጥርሶች አፋፍ ላይ ቀርተዋል። ተራው በሁለቱም በኩል አንድ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ሰማያዊው የአረንጓዴውን ጥንድ መሃል ለመሃል ይከፍለዋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አረንጓዴ ጎን ለጎን አድርጎ ነው። ሽቦዎቹን ከ13 ሚሊሜትር በላይ አልፈታቸውም፣ ምክንያቱም ጥንዱ መጠምዘዙ ነው ረብሻ የሚከላከለው። የውጪው ፕላስቲክ ልባስ ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ እንዲነከስ አደረገ። ክሪምፕ ከማድረጉ (ኮኔክተሩን በመቆንጠጫ ከመጭመቁ) በፊት ስምንቱም ጫፎች የኮኔክተሩን ግንባር መንካታቸውን በስልኩ መብራት አየ። ጨርሶ ሳብ ሳብ አደረገው። ቴስተሩ ስምንቱንም ቆጠረ፣ ሊንክ ስፒዱ 1000 አለ፣ የማዘርቦርዱ የራሱ ካርድ ተመልሶ ሥራ ገባ። 7,000 ብሩ ካርድ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ነው።

ሳልጠይቀው ከጫፉ የተረፈችውን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጎ አሳየኝ። ውስጡም ቀይ ነው፣ ንጹህ መዳብ። ከላይ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም የሆነ ኬብል ካርቶኑ ላይ ካት 6 (የኬብል ደረጃ ነው) ቢልም ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። አዲስ የምታስዘረጉ ከሆነ ሱቁ ላይ ፍቃችሁ ግዙ። በክረምት ነጎድጓድ ሲኖር ደግሞ የመብራቱን ሶኬት ብቻ ሳይሆን በውጭ የሚያልፈውንም የኢንተርኔት ኬብል ንቀሉ፤ መብረቅ ማዘርቦርዱን በዚያ በኩልም ያገኘዋል። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ላይ ሎስ (LOS፣ ምልክት አልገባም ማለት ነው) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ቤት የሚመጣ ባለሙያ አትጥሩ፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን አይቆረጥበትም፤ ፒንጉ (ምልክቱ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከፍ ይላል ብሎ ግን ያማርራል። የሚጫወተው አውሮፓ ሰርቨር ላይ ነው። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ በቀጥታ መስመር እንኳ ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም፣ መስመሩ በጅቡቲ ወይም በኬንያ ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። የፒያሳው ልጅ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሳቀ። የመጀመሪያው ግን ፒንጉንም በ3,000 ብር እንደሚቀንሰው ነግሮን ነበር።