ለኦፒኔል ሰንጢ ሠሪዎች ምስጋና፣ ለገዢዎችም ጥቆማ

በፈረንሳይ ሳቯ አውራጃ ኦፒኔል ሰንጢን ለሚሠሩ ባለሙያዎች ከልብ እናመሰግናለን። ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ታጣፊ ሰንጢ ዛሬም አምስት ክፍል ብቻ አለው፦ ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ሚስማር፣ ቋሚ ቀለበትና በ1955 እ.ኤ.አ. የተጨመረው፣ ስለቱን የሚቆልፍ ተሽከርካሪ ቀለበት። የሚበላሽ ነገር ስለሌለበት ዋጋው ዝቅ ብሎም ስለቱ ጥሩ ሊሆን ችሏል። ርካሽና ደህና ሰንጢ ለሚፈልግ ሁሉ ያለማመንታት የምንጠቁመው በመጠን ቁጥር 8ን ነው፤ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከቁጥር 6 በታች ያሉት መቆለፊያ ቀለበት የላቸውም፤ በጫፋቸው ሲወጉባቸው ታጥፈው ጣት ሊቆርጡ ይችላሉ።

ይሁንና እጀታው እንጨት ስለሆነ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ስለዚህ ስትገዙ አንዱን አንስታችሁ አትሂዱ፤ ሁለት ሦስቱን አወዳድሩ።

መጀመሪያ የሚታየው ቀለበቱ ነው። ስለቱን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ቀለበቱን አዙሩት። ጥቂት እንደዞረ እየጠበቀ ሄዶ መቆም አለበት። ያለ ምንም ግፊት እስከ መጨረሻው ከዞረ ልል ነው፤ በሥራ መሀል ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። ከዚያ ጣቶቻችሁን ስለቱ ከሚገባበት ቦይ አርቃችሁ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብላችሁ ጫኑት፤ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሰንጢው ሲዘጋም ቀለበቱ ይቆልፈዋል፤ ይህ በ2000 እ.ኤ.አ. የመጣ ማሻሻያ ነው፤ ኪስ ውስጥ እንዳይከፈት ስለሚያደርግ ይህንንም ሞክሩት።

ቀጥሎ ስለቱን ከጫፉ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ለስሜት ያህል ብቻ ቢነቃነቅ ችግር የለውም፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ሚስማሩ ልል ነው። ስትዘጉትም ከላይ ተመልከቱ፦ ስለቱ በቦዩ መሀል መግባት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ እንጨቱን እየፋቀ ይኖራል፣ አፉም ቶሎ ይደነዝዛል። ጫፉ ከእጀታው ወጥቶ ከቀረ ደግሞ አትውሰዱት።

የስለቱን አፍ ለመፈተን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ፊት ለፊት እዩት። የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ ነጭ ነጥብ ወይም መስመር ካያችሁ እዚያ ቦታ ላይ ደንዝዟል ወይም ተሸርፏል። ጋዜጣ ስትቆርጡበት የሚይዝ ካለ ቦታውን አስታውሱ። ይህ ግን ለመመለስ ምክንያት አይሆንም፤ በመሳያ ድንጋይ የሚስተካከል ነገር ነው። በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ማዕዘኑን ለመገመት የወረቀት ጥግ ሁለት ጊዜ እጠፉ፤ 22.5 ዲግሪ ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። አንዱን ጎን ስትስሉ በማዶው በኩል በጣት የሚታወቅ ሻካራ ጠርዝ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ፤ ሳይወጣ ካቆማችሁ ስለቱ አልተሳለም።

ብረቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ስለቱ ላይ ካርቦን ወይም ኢኖክስ (የማይዝግ ብረት) የሚል ታትሞበታል። ካርቦኑ በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን ሎሚ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ያጠቁሩታል። ያ ግራጫ መልክ ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ብረቱን ይከላከላል። ብርቱካንማ ነጥብ ካያችሁ ግን ዝገት ነውና ወዲያው ጥረጉት። ከተጠቀማችሁ በኋላ አድርቃችሁ ዘይት ብትቀቡት አይመጣም። በየጊዜው ለመጥረግ የማይመቸው ሰው ኢኖክሱን ይውሰድ።

በጣም የሚበዛው ቅሬታ ስለቱ አልከፈት የማለቱ ነው። ጥፋቱ የሠሪው ሳይሆን የእንጨቱ ባህርይ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት አብጦ ስለቱን ይጨብጣል። የሳቯ ሰዎች ቀለበቱን ከፍተው የእጀታውን ጭራ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ያደርጉታል፣ ስለቱም ብቅ ይላል። እርጥቡን ሰንጢ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ እሳት ወይም ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት እንጨቱ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ ለመከላከል እጀታውን የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት፣ ቦዩን ጭምር፤ ሚስማሩ ላይም አንድ ጠብታ ዘይት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ጨርሶ አይሆንም።

የማይሠራውንም እንንገራችሁ። ስለቱ ስስ ሆኖ የተሠራው ለመቁረጥ ነው፤ ቆርቆሮ ለመክፈት ወይም ክዳን ለመፈንቀል ከተጠቀማችሁበት ጫፉ ይሰበራል። ቁጥር 8 ለእጁ ያነሰበት ሰው ቁጥር 9ን ይሞክር፤ ስለቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው።