ክራሽ ባንዲኩት፦ አለቆቹ ቀላል፣ መንገዱ መከራ

ሐዋሳ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ ፊፋ የማይከፍት ሰው ጤነኛ አይመስልም። አቶቴ አካባቢ የማዘወትረው ቤት ልጆቹ ሲያዩኝ «ጋሼ ቀበሮዋን ሊያዘልሉ መጡ» ይላሉ። ቀበሮ እንኳ አይደለም። ስሙ ክራሽ ነው፣ ባንዲኩት የሚባል የአውስትራሊያ እንስሳ፣ ግን ማን ይሰማኛል።

ጌሙ ክራሽ ባንዲኩት ኤን ሴን ትሪሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለፕሌይስቴሽን 4 የወጣ ሲሆን፣ የድሮዎቹን ሦስት ጌሞች እንደ አዲስ ሠርቶ አንድ ላይ ያቀርባል። የማወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ እሱ በ1996 የወጣው ነው።

እዚህ ጌም ላይ ቦስ፣ ማለትም አልፈህ ለመሄድ የምታሸንፈው አለቃ፣ ሲመጣ ደስ ይለኛል። አረፍ የምለው እዚያ ነው። ፓፑ ፓፑ የሚባለው ወፍራም የጎሳ አለቃ በትሩን እያሽከረከረ ይዞራል። በትሩን ዘለል፣ ጭንቅላቱ ላይ ዱብ፣ ጥቂት ጊዜ ደገም፣ አለቀ። ፒንስትራይፕ ደግሞ መትረየስ ይዞ ቢሮው ውስጥ ይተኩሳል። ዕቃ ጀርባ ተደብቀህ ጥይቱ እስኪያልቅበት ትጠብቃለህ፤ ከዚያ እየተሽከረከርክ ትገጨዋለህ። ሽፍታ መስሎ ገብቶ ልጅ ሆኖ ይወጣል።

ጉዱ ያለው ቀጥሎ ነው። ከፒንስትራይፕ በኋላ ሃይ ሮድ የሚባለው ሌቭል (የጌሙ ደረጃ) ይመጣል። ገደል ላይ የተንጠለጠለ የገመድ ድልድይ ነው። አንዳንዱ ሳንቃ ስትረግጠው ይወድቃል። አሳማው ከፊት ይመጣብሃል። ኤሊውን ረግጠህ ካልነጠርክ የማትሻገረው ክፍተት አለ። ሰው ለሰዓት የከፈለውን ብር የሚበላው ቦሱ ሳይሆን ይሄ ድልድይ ነው።

ድልድዩ ዳር ያለው ገመድ ላይ መሄድ እንደሚቻል የሚያውቅ ያውቃል። ልጆቹ «ሌብነት ነው!» ብለው ይጮሁብኛል። ይጩሁ። ገመዱም ቀጭን ነው፣ ለሌባም አይመችም።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በአዲሱ ሥራ ክራሽ ሲዘል ከድሮው ፈጠን ብሎ ይወርዳል፤ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያንሸራትተዋል። የድሮውን የለመደ እጅ እዚህ ይቀጣል። ድልድዩ ያለዚያም በቂ ከባድ ነበር፣ ምን አስጨመረው? ሴቭ ማድረጉ ግን ከድሮው በጣም ቀሏል፣ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። በከባድነቱ ከ1996ቱ ጌም ተቆርጦ የቀረ ስቶርሚ አሴንት የሚባል ሌቭልም በ2017 ተጨምሯል። የጨከነ ይሞክረው።

ለኔ ከአምስት አራት ነው። በጓደኛ ብር ከሆነ አምስት። ድልድዩ ላይ ስትደርሱ የጆይስቲኩን ዱላ ተዉትና በቀስቶቹ ተጫወቱ። በተለይ የጌም ቤት ጆይስቲክ ከሆነ፣ ዱላው ባልነካችሁትም ወደ ግራ ይጎትታል።